በራስ ጥያቄ

የሥራ ባልደረቦቹ «ካፒቴን ዝግጁ» ይሉታል። አንዱ አብራሪ ሲታመም፣ የሌላው ሚስት ስትወልድ፣ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ሲደክመው፣ የምደባ ቢሮ ሠራተኞች መጀመሪያ የሚደውሉት ለእሱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲያበር ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው ከኦዲት ክፍል ደብዳቤ ደረሰው። የአራት ቀን የውሎ አበል ወስደዋል፣ ሆቴሉ ግን እኔ ዘንድ አላደሩም ብሏል፤ የሦስት ዓመት የጉዞ ሰነድዎን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያቅርቡ ይላል።

ሰውየው ሌባ አይደለም። ወረቀት ግን አይሆንለትም። ደረሰኙንም፣ የወሩን የበረራ ፕሮግራምም፣ የታክሲውን ብጣሽ ወረቀትም ካኪ ፖስታ ውስጥ እየጠቀጠቀ አልጋ ሥር ሲወረውር ነው የኖረው። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበና ለልጁ ደወለ። ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። አንተ ብቻ ምንም እንዳትነካ» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። የምግብ ጠረጴዛውን ጠርጋ ፖስታዎቹን ዘረገፈችው።

«አባዬ፣ ሦስት መቶ ሰው ይዘህ ደመና ላይ ትወጣለህ፤ አንዲት ደረሰኝ ማስቀመጥ አቃተህ?»

«ደመናው ማህተም አይጠይቀኝማ!»

ሳቁ። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ በዚያ ቤት ውስጥ እንዲህ አብረው የሳቁበትን ቀን ሁለቱም አያስታውሱትም። እሷ ወረቀቱን በወር በወሩ እየለየች ስትደረድር፣ እሱ ሻይ አፍልቶ አቀረበላት።

የበረራ ፕሮግራሙ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ከእያንዳንዱ በረራ ጎን ከሁለት ቃል አንዱ ተጽፏል፦ አንዳንዱ ጋ «በምደባ»፣ አንዳንዱ ጋ «በራስ ጥያቄ»።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው እሱን፣ የቢሮ ነገር ነው» አለና ስኳር ሊያመጣ ተነሣ። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የሒሳብ ሰው ናትና አልተወችውም። እናቷ አልጋ ከያዘችበት ወር ጀምራ ጣቷን ቁልቁል እያወረደች ቆጠረች። አምስት ወር፤ አሥራ ዘጠኝ በረራ፤ አሥራ ሦስቱ በራስ ጥያቄ። እናቷ የሞተች ቀን እሱ ሰው አገር ሆቴል ውስጥ ነበር። ያም በረራ በራስ ጥያቄ ነው።

ያን ጊዜ ልጅቷ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ በየሁለት ሰዓቱ እናቷን ታገላብጥ ነበር። እሱ የደንብ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ይቆምና «መደቡኝ እኮ፤ ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው» ይላል። እናቷም «ተይው፣ የሰው ሥራ ይዞ ነው» እያለች ትከላከልለታለች። አንድ ቀን ልጅቷ ብሶባት ምደባ ቢሮ ደወለች። «ሚስቱ እየሞተች ነው፤ እናንተ ሰው አይደላችሁም እንዴ!» ብላ ጮኸች። ስልኩን ያነሣችው ሴት ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እግዜር ይማርልዎት» ብቻ ብላት ዘጋች። የዚያች ሴት ዝምታ አሁን ነው የገባት።

«አባዬ፣ ና ተቀመጥ» አለችው።

ስኳር ሳይዝ መጣ። ወረቀቱን አየና ተቀመጠ። እሷ ግን የዚያን ወር ፖስታ ገና አልጨረሰችም ነበር፤ ከሥሩ የፋርማሲ ደረሰኝ ወጣ። ጀርባው ላይ በእናቷ የተንቀጠቀጠ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከምደባ ቢሮ ቤት ስልክ ላይ ተደውሏል። የጠየቅከው በረራ ተፈቅዷል።»

«እማዬ ታውቅ ነበር?» አለች ልጅቷ።

«ራስጌዋ አስቀምጣው አገኘሁት። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። አየችኝ። ‹ክራቫትህ ተጣሟል› አለችኝ። ሌላ ምንም አልተነጋገርንም።»

«ከዚያስ?»

«አስተካከልኩና ሄድኩ።»

ሻዩ ቀዝቅዟል። ጎረቤት ምንጣፍ ሲያራግፉ ይሰማል።

«ሞተር ሲጠፋ የማደርገውን አውቃለሁ» አለ። «እሷ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።»

«እኔስ አውቅ ነበር እንዴ?»

ትነሣና ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ፤ አልሄደችም። እስክሪብቶዋን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተፈለጉትን አራት ቀኖች አገኘቻቸው። ሆቴሉ ሞልቶ አብራሪዎቹን ማዶ ካለ ሌላ ሆቴል አሳድሯቸው ኖሯል፤ የዚያኛው ሆቴል ደረሰኝ ማህተሙ ሳይደበዝዝ ተቀምጧል። ሁሉንም በፋይል አሰረችለት። የፋርማሲውን ደረሰኝ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት፣ «እሱን እንኳ ተይልኝ» አላት።

«ይሄ ለኦዲት አይጠቅምም» ብላ ወጣች።

ኦዲት ክፍል ይቅርታ ጠይቆ በነጻ አሰናበተው። በጡረታ መሸኛው ላይ የበረራ ክፍል ኃላፊው ተነሥቶ «ለተጨማሪ በረራ እምቢ ብሎ የማያውቅ፣ ለድርጅቱ ሲል ከቤቱ የራቀ ሰው!» እያለ አወደሰው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ ከሰው ጋር አብራ አጨበጨበች፤ እሱን ግን አላየችውም።

ከዚያ ወዲህ አልተጣሉም። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ መድኃኒቱን ትገዛለች፤ ጉልበቱን ሲያመው ሐኪም ቤት ትወስደዋለች። ግን አንተ ማለቷን ተወች። «እንዴት አደሩ? በሉ? መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ትላለች። አክስቷ ይህን ሰምታ «አቤት ሥርዓት! በልጅ መባረክ እንዲህ ነው» ብላ ወንድሟ ፊት አመሰገነቻት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያሽ ነበር።

አንድ እሑድ በስልክ እያወሩ ድንገት «ልጄ፣ እባክሽ አንተ በዪኝ» አላት።

የምትተነፍሰው ይሰማዋል።

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለችው።