በር የሌለው አትክልት ቦታ

ስፌት እየሰፋሁ ወስፌው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። እንደገና ወደቀ። ደክሞኝ ነው ብዬ ልስቅ ስል አፌ ተጣመመ።

ልጄ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ስትሮክ ነው ተባለ።

"ደም ግፊት እንዳለብዎት ያውቁ ነበር?" አለኝ ሐኪሙ።

አላውቅም ነበር። ቀኝ እጄና ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አሉኝ። አለቀስኩ።

ቤት ከገባሁ በኋላም መውደቅ ፈርቼ ከአልጋዬ አልነሳም አልኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ አልሸሸገኝም፤ "እግርዎን ከፍ አድርገው ካልተራመዱ እንዲሁ ይቀራል" አለኝ።

ያን ሰሞን አፎቻ የምንለው፣ በሰርግና በሐዘን የምንረዳዳበት የሴቶች ማኅበራችን፣ በጀጎል ግንብ ሥር የነበረውን የቆሻሻ መጣያ አጽድቶ አትክልት ሊተክልበት ተነሳ። ጎረቤቴ ረምላ ደግፋ ወሰደችኝና ባዶው መሬት ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።

"በይ እስቲ፣ አንቺ የስፌት እመቤት፣ እዚህ ምን ይታይሻል?"

አፈር ብቻ ነበር። ግን እኔ ስፌት ስጀምር ጌጡ ከእጄ በፊት በዓይኔ ይመጣል። ዓይኔን ጨፍኜ አየሁት፦ መሃሉ ላይ ሎሚ፣ ዙሪያውን ቃሪያ፣ ከዚያ ሰላጣ፣ ዳር ላይ ቀይ ሥር። በግራ እጄ በከዘራዬ አፈሩ ላይ ጫርኩላቸው። ሴቶቹም ልክ እንደ ስፌት ከመሃል ጀምረው፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ፣ ክፍተት ሳይተዉ ዙር በዙር ተከሉት።

ሲጨርሱ ጉዳችን ወጣ። መግቢያ የለውም! ስፌት በር የለው፣ እኛም በር ረሳን። ሎሚውን ለማጠጣት መደቦቹን እየተሻገሩ መግባት ግድ ሆነ።

"ያንቺ ሥራ ነው፣ አንቺው አጠጪ" አለች ረምላ፣ ክንዴን ይዛ። "ቢስሚላህ በይና አንሺው።"

ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ቀይ ሥሩን ረገጥኩት። ሳቀችብኝ። እንደገና አነሳሁ። ተሻገርኩ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሰላጣና ድንች የታጠበበትን ውሃ ይዘን እየሄድን፣ እሷ እየቀለደች እኔም እየተቆጣሁ፣ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው እየተሻገርን ሎሚው ጋ መድረስ ለመድኩ፤ የየቤታችን ልጣጭ ፍግ ሆኖ መሬቱም እየጠቆረ፣ የቃሪያው አበባም እየፈካ ሲሄድ የነገው ምርት ከወዲሁ ይታየኝ ጀመር። ፊዚዮቴራፒስቱ መጥቶ ሲያይ "እኔ የምለምንዎት እኮ ይሄንኑ ነበር!" ብሎ ሳቀ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ እራመዳለሁ። ሐኪሞቼንና አፎቻዬን አላህ ይጠብቅልኝ። እናንተም ደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲጣመም ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከአልጋ ሊያስነሳችሁ የመጣውን ሰው አትመልሱት።

ሴቶቹ መንገድ እንክፈት ሲሉ እኔ ከለከልኩ። አሁን ስትሮክ የመታት ሌላ ጎረቤታችን ትሻገርበታለች። ክንዷን የምይዘው እኔ ነኝ፣ በቀኝ እጄ።