ድዴን ሊነቅሱኝ የመጡ ዕለት

«ጉበትሽ የታመመው ተደብቀሽ ስለምትጠጪ ነው። አፍሽም የሚሸተው ለዚሁ ነው።»

እንዲህ ያለችኝ እናቴ ናት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ የልብስ ሳሙናውን እንደያዘች። እኔ ቢራ ቀምሼ አላውቅም። ልብስ ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ፤ ሲደክመኝ ለስላሳ በብስኩት፣ ሲሰለቸኝም ለስላሳ በብስኩት። ሐኪም ቤት ያነሱኝ አልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ አሳየ። ጎረቤት ሰማ። ጎረቤት ደግሞ ጉበት ሲባል የሚያውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው።

ድዴ እንደሚደማም ለሐኪሞቹ ሳልደብቅ ስናገር ወደ ጥርስ ሐኪም ላኩኝ፣ ዓይደር ሆስፒታል።

«የድድ ሕመምና የጉበት ስብ ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ» አለችኝ ሐኪሟ። «አንዱ ሌላውን ያመጣል ለማለት ገና ነው። ግን የድድሽ ቁስለት እዚያው ታስሮ አይቀርም፤ በደም ይዞራል። ስኳሩም ለሁለቱም ጠላት ነው። ለስላሳውን ተዪ፤ ጥርስሽን እናጸዳዋለን።»

እዚያው ይጸዳልኝ ብል ቀጠሮ ሰጠችኝ። መጠበቅ አልወድም።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ከሁሉም የያዘችው ድድ የሚለውን ነው። ፊቷ ፈካ።

«ድድ ከሆነማ መድኃኒቱ አለ!»

ንቅሳት ማለቷ ነው። እኛ ዘንድ የሴት ልጅ ድድ ሲደማ በታሰሩ መርፌዎች ይወጋና ጥላሸት ይታሽበታል፤ ድዱን ያጠነክራል፣ ደሙንም ያቆማል ይባላል። እሷ ሳትዳር ነው የተነቀሰችው። ድዷ ዛሬም እንደ ጠቆረ ነው፤ ስትስቅ ሆን ብላ ታሳየዋለች።

የቀጠሮዬ ዕለት ጠዋት ግን ጥርሷን ስትፍቅ አየኋት። የመፋቂያው ጫፍ ቀልቷል።

«አደይ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት እናቴን።

«መፋቂያው ሸካራ ሆኖ ነው።»

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

«ዋይ! የገበያ በቅሎ ነኝ ጥርሴ የሚታየው?»

ብላ ሳቀች፤ ስትስቅ አየሁት። ጥቁሩ እንዳለ ነው፤ ከጥርሶቿ ሥር ግን ደም ይወጣል።

«ንቅሳቱ ደሙን አላቆመውም፤ ሸፈነው እንጂ። አብረን እንሂድ፣ ይዩሽ።»

«ፍቀው ንቅሳቴን እንዲያነሱብኝ? አባትሽ መጀመሪያ የወደደው ድዴን ነው!»

በሩ ተንኳኳ። ነቃሿ ናቸው፤ መርፌያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ለካ አደይ ሳትነግረኝ ጠርታቸዋለች።

«ነይ ጓለይ፣ ነይ ልጄ፣ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀመጪ። አትፍሪ።»

«ይቅርታ እማማ፣ እኔ አልነቀስም።»

«ከቁሓ ድረስ አስጠርታችሁኝ?»

አደይ አፈረች። መሬት መሬት አየች። ከዚያ ነጠላዋን ሰበሰበችና ራሷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«እንግዲያው በከንቱ አይመለሱ። የኔን ይድገሙልኝ፤ ደብዝዟል።»

«አደይ! አሁን አይደል ደሙን ያየሽው?»

«ለዚያ ነዋ!»

እጇን ይዤ ሳብኳት። አስለቀቀችኝ።

«ሂጂ፣ ቀጠሮሽ እንዳያልፍብሽ።»

«መርፌውን እንኳ ይቀቅሉት» አልኳቸው ሴትዮዋን።

«ተቀቅሏል» አሉ ሳያዩኝ። አደይ አፏን ከፈተች።

የጫማዬን ክር ሳላስር ወጣሁ፤ አስፋልቱ ዳር ባጃጅ አስቆምኩና «ዓይደር» ብዬ ገባሁ።