መብራት የምትበላ ዛጎል

ትናንት ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ወልድያ የተከራየኋትን ክፍል በር ስከፍት... የአኳሪየሜ መብራት ጠፍቷል። «በቃ፣ ሄዷል» አልኩ። ግን ፓምፑ እንደ ወትሮው ይንዶቀዶቃል። መብራትማ አለ! የጠፋው አምፖሉ ብቻ ነው። ተቃጥሎ ይሆን ብዬ ማብሪያውን ብጫነው ቦግ አለ።

ሰው ነው ያጠፋው።

ንዴቱ ለምን አናቴ ላይ እንደወጣ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እዚያ ያለ አንድ ወዳጁ ቤት ሲለቅ ትንሽዬ የባህር አኳሪየሙን፣ የመስታወት ገንዳዋን፣ ከነመብራቷ ሰጠው፤ እሱም ለእኔ አመጣልኝ። ሦስት ጀሪካን የባህር ውሃ፣ ሁለት ድንጋይ፣ እና አንዲት ዛጎል። በሕይወት ያለች ዛጎል! ስትከፈት እንደ ከንፈር ያለ ሰማያዊ ሥጋዋን ወጣ ታደርጋለች... ባህር በዓይኔ አይቼ የማላውቀዋን እኔን ፍዝዝ አድርጋ አስቀረችኝ።

የዚህች ዛጎል ጣጣ ብርሃን ነው። ሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዕፅዋት ያሉ ነገሮች ይኖራሉ፤ እነሱ ከብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ እሷ ከእነሱ ትበላለች። በቀን አሥር ሰዓት ያህል ጠንካራ ነጭና ሰማያዊ መብራት ካላገኘች ቀስ እያለች በረሃብ ትሞታለች። የመስኮት ብርሃን አይበቃትም። እኔ ደግሞ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ መርሳ ላይ «የማንጎውን ቅርንጫፍ ቀንሱለት፣ ብርሃን ይግባው» እያልኩ ነው የምውለው። ስለ ብርሃን ለእኔ አይነገርም።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ዛጎሌ ትገረጣ ጀመር። ሰማያዊው መጀመሪያ ቡኒ ሆነ፣ ከዚያ ነጣ አለ። እጄን ሳስጠጋ እንደ ድሮው ቶሎ አትዘጋም። ውሃ ቀየርኩ። ጨው ለካሁ። መብራቱን ወደ ውሃው ዝቅ አደረግሁ፣ ድንጋይ ላይ አውጥቼ አስጠጋኋት... ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ለዚያ ለወንድሜ ወዳጅ ደወልኩ።

«ብርሃን አንሷታል» አለኝ።

«ከጠዋት አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት እየበራላት?»

«እኔ እንጃ እህቴ... ብርሃን ነው ያነሳት።»

ይሄ ደግሞ ምን ያውቃል ብዬ ተናድጄ ዘጋሁት።

ትናንት እንግዲህ ወደ ሐራ የነበረን የመስክ ሥራ ተሰረዘና በጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ፤ ያን ጊዜ ነው መብራቱን ጠፍቶ ያገኘሁት። ሌላ ቁልፍ ያላቸው አከራዬ እማማ ዘሃራ ብቻ ናቸው። ውሃው ቢፈስ ገብተው እንዲያዩልኝ ብዬ የዛሬ ሦስት ሳምንት ገደማ የሰጠኋቸው ራሴ ነኝ። በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ የዛጎሏን መብራት ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኛ ልጄ። በየቀኑ አይደል እንዴ የማጠፋው።»

«በየቀኑ?!»

«ወላሂ አንድ ቀን ዘንግቼ አላውቅም! ጠዋት አንቺ ወጣ ስትዪ አጠፋዋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ አበራዋለሁ... ደክሞሽ ስትመጪ ቤቱ እንዳይጨልምብሽ ብዬ።»



«ማን አጥፉ አለዎት?»

«አንቺው! ቁልፉን ስትሰጪኝ ‹እማማ፣ ይቺን መብራት አደራ፤ ዛጎሏ መብራት ነው የምትበላው› አላልሽኝም?»

ብያለሁ። እግዜር ያሳያችሁ... ቃል በቃል ብያለሁ።

«ምድጃም መብራት ይበላል፣ ካውያም መብራት ይበላል» ቀጠሉ እማማ። «ይቺ ጨዋ ልጅ ‹አጥፉልኝ› ማለት አፍራ አዙራ ነው የነገረችኝ አልኩ። አደራሽን አልበላሁም፣ አብሽሪ!»

ደሜ ፈልቷል። መጮህ ፈልጌያለሁ። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ አደራዋን አንድ ቀን ያላጓደለች እናት ላይ እንዴት ተብሎ ይጮሃል? አደራ ባዩም እኔ፣ አፌን መሰብሰብ ያቃተኝም እኔ!

«እማማ፣ ቆጣሪውን ማለቴ አይደለም። ምግቧ ነው! ብርሃኑ ነው እንጀራዋ! ካልበራላት አትበላም።»

ምስሩን አስቀመጡት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ... ጦሟን ነው ያዋልኳት?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ያረቢ! አፍ አውጥታ ‹ራበኝ› የማትለዋን ፍጥረት!»

ተነስተው ክፍሌ ገቡና መስታወቱ ፊት ቆሙ። እንባቸው ቀረረ። «ሳላውቅ ነው፣ አፉ በይኝ» አሏት... ለዛጎሏ። እኔ አሁንም በንዴት እየጨስኩ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እያለቀሱ ነው። ምን ላድርግ? ትከሻቸውን ይዤ «አብሽሩ እማማ፣ ትተርፋለች» ማለት ጀመርኩ። የተበደልኩትም እኔ፣ አጽናኙም እኔ!

ትተርፍ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ብቻ አመሻሽ ላይ ያችን የገረጣች ከንፈሯን ትንሽ ወጣ አድርጋ ወደ መብራቱ ዘርግታ ሳያት እኔም አለቀስኩ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱን አጠፋሁ። እሷም ማረፍ አለባታ፤ ሌሊት ጨለማ ያስፈልጋታል።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ በሬ ተንኳኳ። እማማ ዘሃራ ናቸው። ለካ ከበረንዳቸው ሆነው መስኮቴን ሲጠብቁ ነበር። ደግሞ ተቆጥተዋል።

«ምነው ልጄ... ዛሬም ራቷን ሳትበላ ልታስተኚያት ነው?»