የባለቤቴ እናት ሰላምታ

እኔ ችኩል ሰው ነኝ። ከወሎ በሰፈራ መጥታ እዚሁ አሶሳ የወለደችኝ እናቴ፣ «ይኸ ልጅ ዘጠኝ ወር ሙሉ መታገሱ እስካሁን ይገርመኛል» ትላለች። ባለቤቴን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ ወጉ ቤቴ ቁጭ ብዬ እንድጠብቅ ነበር። አልቻልኩም፣ ተከትያቸው ሄድኩ።

የባለቤቴ ወገኖች በርታዎች ናቸው። እነሱ ዘንድ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቁ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። እኔ ገና ከብቱ ላይ እንደደረስን «ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው» አልኩ። ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፉ። አባቷ ግን አልተቆጡም። ትንሽ አዩኝና ሰላምታውን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ልጅቷን በመጨረሻ ሰጡኝ፤ ባለቤቴ ግን ያቺን ቀን እያነሳች እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።

እሷ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበርታ ቋንቋ ታስተምራለች። እናቷ ከመሞታቸው በፊት ተረቶቻቸውን በስልኳ ቀድታ ነበር። ተማሪዎቿ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ከፍተው እንዲሰሟቸው ፈለገችና ሥራው ለኔ ወደቀ። እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር አስነስቼ አላውቅም።

ሦስት ነገር ነው አብሮ የሚሠራው፦ ልጆቹ የሚያዩት ገጽ፣ የትኛው ተረት የት እንዳለ የሚያስታውስ ዳታቤዝ፣ ድምፁን የሚያቀርብ ሌላ ፕሮግራም። እያንዳንዳቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ «ኮንቴይነር» በሚባል በየራሳቸው ክፍል ይቀመጣሉ። ገበያ ዳር የተደረደሩትን የኮንቴይነር ሱቆች አስቡ፤ አንዱ ስልክ ይጠግናል፣ አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ ዕቃቸው አይደባለቅም፣ ግን ይጠራራሉ። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ የሚያስነሳ አንድ ፋይል ይጻፋል። እሱን ጻፍኩ፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ ኔትወርኩ እስኪያወርድልኝ ፂሜ ሊሸብት ምንም አልቀረው።

አስነሳሁት። ገጹ «ዳታቤዙ አልተገኘም» ብሎ ወደቀ። በእጄ ደግሜ ሳስነሳው ሠራ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ወደቀ። አሶሳ ውስጥ ደግሞ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው የሚውለው። ዳታቤዙ ቀድሞ እንዲነሳ በፋይሉ ላይ ጽፌያለሁ፣ ታዲያ ምን ጎደለ? ኮምፒውተሩን ስሰድብ ከረምኩ። ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ፤ ቀድሞ መነሳት ማለት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ማለት አይደለም። ዳታቤዙ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ገጹ ደርሶ ጉዳዩን ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ይወድቃል።

ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባቴ ቤት ገብተህ ያደረግከውን ነዋ! አንተን መስሎ ነው የወጣው።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ፋይሉን አስተካከልኩ። አሁን ገጹ ዳታቤዙን ደጋግሞ ደህንነቱን ይጠይቃል፤ «ደህና ነኝ» የሚል መልስ ሳያገኝ አይከፈትም።

እኔ ግን አልተስተካከልኩም። ድምፆቹን ሳዳምጥ እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ እያንዳንዱን ተረት በሰላምታ ነው የሚጀምሩት። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ደግሞ ዝም ይላሉ። ለስልክ እያወሩ ማን ሊመልስላቸው ነው? ልጆቹ ይሰለቻሉ ብዬ ሰላምታውን ልቆርጥ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ።

«የእናቴን ሰላምታ ከቆረጥክ እኔንም ሰላም አትበለኝ።»

ተውኩት።

የቀረው የአባቷ ፈቃድ ነበር። እማማ ካረፉ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰሙም። «የሷን ቃል እንዴት እንደያዛችሁ አያለሁ፣ ካላማረኝ ይቀራል» ብለው ነበር። እምቢ ካሉ ያ ሁሉ ተረት ከኮምፒውተሩ አይወጣም፤ ባለቤቴም አባቷ እምቢ ያሉትን አታደርግም። በአንድ አርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቤታችን መጡ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ በላን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥናቸውና ገጹን ልከፍት ስል መብራት ሄደ።

ባለቤቴ ፊቷ ተለወጠ። አባባ ግን ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ማንጎው፣ ስለ ጎረቤቶቻችን መጠየቅ ጀመሩ። መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ገጹ ግን ባዶ ነበር።

«ሞተ?» አሉኝ።

«አልሞተም አባባ። ጓደኛው ደህና መሆኑን እየጠየቀ ነው።»

«ጥሩ ነው። ይጠይቅ።»

እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ጠበቅኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታግሼ አላውቅም። ገጹ መጣ። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ተረት ነካችው።

«ሰላም ዐለይኩም» አሉ እማማ።

አባባ ቀና አሉ። «ወዐለይኩም ሰላም።»

እማማ በበርታ ቋንቋ ቤቱን ጠየቁ፤ ዝም አሉ። አባባ መለሱ። ልጆቹን ጠየቁ። አባባ ባለቤቴን አየት አድርገው መለሱ። ስለ ማሽላው ሲጠየቁ ዝናቡ እንደዘገየ ነገሯቸው። እኔ ባዶ ነው ያልኩት ዝምታ ለመልሳቸው ልክክ ይል ነበር። ልቆርጠው የነበረው ይኸንን ነው። ባለቤቴ ታለቅሳለች፣ እኔም አለቀስኩ።

በመጨረሻ እማማ «አንተስ? ጤናህ እንዴት ነው?» አሉ። አባባ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል ግን አልወጣም። ዝምታው አለቀና ተረቱ ቀጠለ።

እጃቸውን አነሱ። አቆምኩት።

«ልጆች ይስማ» አሉ በአማርኛቸው። «ግን መጀመሪያ ሰላምታ ይመልስ። ሳይመልስ ተረት የለም።»

«እሺ አባባ።»

«አሁን እንደገና ጀምር። እኔ አልመለስኩም።»

ወደዚያች ጥያቄ ብቻ ልወስዳቸው እችል ነበር። ግን ከ«ሰላም ዐለይኩም» ጀመርኩላቸው።