ከድልድዩ ማዶ

አንዲት መንገደኛ ሴት አራዳ ገበያ፣ ልብስ ሰፊው ሙደሲር ፊት ቆማ የተቀደደ የስንቅ ከረጢቷን ዘረጋችለት። ነጠላዋን እንደ ወንድ ወገቧ ላይ ታጥቃለች፤ ከረጢቷን የሐረሩ ሰፊ በቀይ፣ የጅማው በሰማያዊ እራፊ ጥፈውላታል። ሙደሲር ቀናባት። ሃያ ዓመት ለመንገደኛ ሲሰፋ፣ እሱ ከራስ መኮንን ድልድይ ማዶ አልፎ አያውቅም።

«እሜቴ፣ ብቻዎን አይፈሩም?»

«ፈሪዋንማ ሐረር ጥያት መጣሁ!» ብላ ሳቀች። «ይልቅ አንተም ካገርህ ጨርቅ ጣፍልኝ።»

ሙደሲር ከተደረደረው ጨርቅ አላነሳም፤ የገዛ ኩታውን ጫፍ ቀዶ አጥብቆ ሰፋላት።

ከረጢቷን አንግታ ቁልቁል ወረደች። ድልድዩን ስትሻገር ነጩ እራፊ ከጀርባዋ ብልጭ አለ፤ ሙደሲር አሁን ደግሞ በገዛ ኩታው ቁራጭ ቀና።