የወልደ ሰንበት ጂፕና የወሩ በዓላት

ጥር ሲገባ ቢቸና ጤፍ ጤፍ ትሸት ነበር። ከየአውድማው የሚነሣው እብቅ ጸጉር ውስጥ ይገባል፣ ወተት ላይ ይሰፍራል፣ አንገት ያሳክካል፤ ግን ማንም አያማርርም። እብቅ ካለ እህል አለ፣ እህል ካለ ሠርግ አለ። ዛሬ ያን ማሳከክ የሚናፍቅ አለ ቢባል ማን ያምናል።

በ1961 ዓ.ም. ጥር ወሬው ሁሉ ስለ አቶ ወልደ ሰንበት ልጅ ስለ ጥሩአየሁ ሠርግ ነበር። ሙሽራው የሞጣ ሰው ነው። አባቱ ግራዝማች አዳሙ እንደ ወጉ የተሸለመች በቅሎ ሊልኩ ሲሰናዱ፣ ወልደ ሰንበት በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሥቶ፣ በቅሎዋን እዚያው ያቆዩልኝ፣ ልጄ ሞጣ የምትገባው በጂፕ ነው አለ። ቃሉን ገበያው ሁሉ ሰማው። ጂፗ ደግሞ አንዲት ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ አትነሣም።

ወልደ ሰንበት ድቁና ተቀብሎ፣ ቅኔ ጀምሮ ያቋረጠ እህል ነጋዴ ነው። ጂፗን መንገድ ሲቀይሱ ከነበሩ ፈረንጆች ገዝቷት፣ አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ለመካኒክ ቢሰጣት ሁለት ወር ቆይታ ድምፅዋን ብቻ ለውጣ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው እጅ አይነካትም ብሎ ማለ። አብሯት የመጣ መጽሐፍ ነበረ፤ ቋንቋውን አያውቀውም፣ ሥዕሉን ግን ጣቱን እያስኬደ ያነበው ነበር።

ሠርጉ ስምንት ቀን ሲቀረው ጓሮው ውስጥ ጆንያ አንጥፎ ሞተሩን መፍታት ጀመረ። የፈታው እንዳይጠፋበት ዘዴ አበጀ። ቁጥር ይረሳል፤ የወሩ በዓል ግን ከቢቸና ሰው አፍ አይጠፋም። መጀመሪያ የወጣችውን ብሎን ልደታ አላት፣ ቀጥላ የወጣችውን ታዴዎስ፣ ሦስተኛዋን በአታ፤ እንዲህ እያለ ከሞተሩ ሆድ የወጣውን የመጨረሻ ብረት ማርቆስ ብሎ ልክ ሠላሳ ላይ አቆመ። ልክ መምጣቱን እንደ በጎ ምልክት ቆጠረው።

ሚስቱ ባንቺዓለም አቀባይ ነበረች። ሚካኤልን ስጪኝ ሲላት ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ጊዮርጊስን በመዶሻ ሲመታው ፊቷን ታዞራለች። ወሬው የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረ ኪዳን ዘንድ ደረሰና መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

«ማርያምን ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፈሃታል ይላሉ።»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ የዘፈዘፍኩት ሃያ አንድን ነው።»

መልሱ አላረካቸውም። ቢሆንም በርጩማ ቀርቦላቸው ነበርና ተቀመጡ፤ በማግሥቱም፣ ነገሩን ለመከታተል ነው ብለው፣ ተመልሰው መጡ።

መከራው የመጣው ሲገጠም ነው። ወልደ ሰንበት ከልደታ ጀመረ። ልደታ ገባች፣ ታዴዎስ ገባ፤ አምስተኛው አቦ ሲገባ የሞተሩ ክዳን ግጥም ብሎ ተዘጋ፣ ሃያ አምስት ብረት ጆንያው ላይ ቀረ። ፈታው። ደግሞ ከልደታ ጀመረ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ።

«መጨረሻ የወጣው ቀድሞ አይገባም?» አለች ባንቺዓለም።

«ባንቺ፣ ወር ከማርቆስ ተነሥቶ ወደ ልደታ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። በጂፕ የምትሄድ ሙሽራም አላየሁም።»

ማርቆስን አነሣ። ቢሞክረው፣ ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ሰው፣ ከማርቆስ ባለወልድ፣ ከባለወልድ አማኑኤል ይልና ምላሱ አምልጣ ተመልሳ ባለወልድ ላይ ታርፋለች። ሊገሥጹ የመጡት ቄስ ይህን አይተው አላስቻላቸውም። ተነሥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መሬቱን በመቋሚያ እየመቱ ወሩን ወደ ኋላ ያወርዱት ጀመር። ደቅስዮስ ላይ ተሰናክለው ውሃ ጠጡ። ሲመሽ ልደታ ገባች፤ ጂፗም ተነሣች። ወልደ ሰንበት የጠበቀው ንስሐ ሳይታዘዝለት ቀረ።

በሠርጉ ቀን ጥሩአየሁ አባቷ በሚነዳት ጂፕ ሞጣ ደረሰች። ከአቧራው የተነሣ ሙሽራዪቱና ሚዜዎቿ አይለዩም ነበር። ግራዝማች አዳሙ አመስግነው ተቀበሉ፤ ከዚያም ከቤቱ ጀርባ ተጭና የቆመችውን በቅሎ አስመጡ። ሙሽራ በብረት ደጃፌን አትረግጥም አሉ። ልጅቱ የመጨረሻዋን መቶ እርምጃ በበቅሎ ገባች፤ እልልታውም ያኔ ቀለጠ። በዘፈኑ ሁሉ ውስጥ ጂፕ የሚል ቃል አልነበረም። ወልደ ሰንበት አንድ እጁን የጂፗ ክዳን ላይ ጭኖ ውጭ ቆሞ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ግን ግራዝማች ራሳቸው ፈለጉት። ዓመት ሙሉ የቆመ የወፍጮ ሞተር ነበራቸው። ወልደ ሰንበት ጆንያ አስነጠፈ፤ ከልደታ ጀምሮ ፈታ፣ ከማርቆስ ጀምሮ ገጠመ። ወፍጮው ሲዞር የሞጣ ሴቶች ለበቅሎዋ ካሉት የበለጠ እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ ቢቸና ሲመለስ፣ ሞተር ቆመ እየተባለ ተከትሎ ከሞጣ ሰው ይላክበታል፤ ኋላ ባንቺዓለምም መመላለሱ ሰልችቷት ቤቷን ቆልፋ ሞጣ ገባች።

ከሠርጉ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. መጋቢት፣ ወልደ ሰንበት ከነሚስቱ ሞጣ፣ ከግራዝማች አዳሙ ወፍጮ ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ይኖር ነበር።