ድንኳኑና የእድሩ ተቀማጭ

አልታዬ መካነ ሰላም ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥም ናት። አሮጌው የለቅሶ ድንኳን በተቀደደ ቁጥር የምትጥፈው እሷው ስለነበረች፣ በጥር በተደረገው ዓመታዊ ስብሰባ አባላቱ አዲስ ይገዛ ሲሉ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ብድግ ብላ፣ "ከተገዛ የሚተርፈን ለአንድ ሐዘንተኛ የሚከፈል ብቻ ነው። ሁለት ቢደራረብስ?" አለች።

"ምን ታሟርቺያለሽ!" ብለው ሳቁባት። ድንኳኑ ከደሴ ተገዝቶ መጣ።

ክረምቱ ሲገባ አቶ ገበየሁ አልጋ ያዙ። ሳምንት ሳይሞላ እማማ ቦጋለች ራሳቸውን ስተው ወደቁና በሪፈር ደሴ ተወሰዱ። አልታዬ አቶ ገበየሁን ልትጠይቅ ሄዳ "እግዜር ይማርዎት" ስትል፣ በሆዷ ባንክ የቀረውን ታሰላ ነበር። ስትወጣ በራሷ አፈረች። ሰው ተጨንቆ እሷ ስለ ብር! ሐሳቧ ከመበታተኑ የተነሳ የደንበኛ ሱሪ ስታሳጥር አንዱን እግር ከሌላው አሳጠረችው።

በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ፋሩቅ ሱቅ ገብታ ጭንቀቷን ዘረገፈችላቸው።

"አብሽሪ" አሏት። "የሦስት ወር መዋጮ አስቀድመን እንሰብስብ። ቤት ለቤት አብሬሽ እዞራለሁ።"

ጭቃውን እየረገጡ ዞሩ። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ብዙው ግን ሰጠ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አቶ ገበየሁ አረፉ። ለቤተሰቡ ሳይጎድል ተከፈለ። ዝናቡ ያለማቋረጥ ሲወርድ ለቀስተኛው ጠብታ ሳይነካው ተቀመጠ፤ አልታዬም ድንኳኑ እንኳን ተገዛ አለች በልቧ።

ሐዘኑ ሳይበርድ የእማማ ቦጋለች ልጅ ራሄል ከደሴ ደወለች። አልታዬ ስሟን ስልኩ ላይ ስታይ መቀሷን አስቀምጣ አነሳችው።

"አልቲ፣ እማዬ ነገ ትወጣለች አሉን! የሆስፒታሉ ወጥ ጨው የለውም ብላ እየተጣላች ነው።"

አልታዬ ሲንጀር የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሴትዮዋ በመዳናቸው ይሁን ተቀማጩ በመትረፉ ለራሷም አልለየላትም፤ ብቻ ያን ቀን እህል ጣፈጣት።

በሚቀጥለው ጥር እድሩ ለሁለት ሐዘን የሚበቃ ገንዘብ ምንጊዜም እንዳይነካ ወሰነ። እማማ ቦጋለች ከትልቅ ነጠላቸው ውስጥ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ የእኔን በደንብ ቆልፊበት" አሉ። "ገና አልፈልገውም።"

ጋሽ ፋሩቅ "አልሀምዱሊላህ!" ሲሉ ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ።